ሳይቋረጡ መዛወር፤ በ2005ቱ የዜን ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ቨርቹዋል ማሽኖች ዝውውር የሚጽፍ ሰው ሁሉ ሳይጠቅሰው የማያልፍ አንድ ጥናት አለ። ይኸውም በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና በዴንማርክ የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ስምንት ተመራማሪዎች፥ ማለት ክሪስቶፈር ክላርክ፥ ኪር ፍሬዘር፥ ስቲቨን ሃንድ፥ ያኮብ ጎርም ሃንሰን፥ ኤሪክ ዩል፥ ክሪስቲያን ሊምፓክ፥ ኢያን ፕራትና አንድሩ ዋርፊልድ በ2005 ዓ.ም. ያቀረቡት ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ጥናቱ የተሠራው ዜን በተባለው የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት ላይ ነው። ዝናውም የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ ዝና ያገኘ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በአንድ ቁጥር ብቻ ስለ ሆነ፥ ቁጥሩ የቆመበትን መሠረት ገልጦ ማየት የተማሪ ግዴታ ይመስለናል። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና።

የዚህ ሂስ ዐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ጥናቱ የሜሞሪን ጉዞ በሚያስደንቅ ጥንቃቄ መርምሯል፤ ጉዞው የሚፈጸምበትን ኔትዎርክ ግን በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች አልፎታል። ከርሱ በኋላ የመጣው ተማሪና ባለሙያ ደግሞ ቁጥሩን አንሥቶ ዐረፍተ ነገሮቹን ጥሏል። በዚህም ምክንያት «ማሽኑ ሳይቋረጥ ይዛወራል» የሚለው ቃል ያለ ቅድመ ሁኔታ እንደ ተነገረ ተስፋ ተቈጥሯል።

በመጀመሪያ ጕዳዩ ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ እንግለጽ። አንድ ትልቅ ሰርቨር በውስጡ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን ያስተናግዳል። እያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን የራሱ ሜሞሪ፥ የራሱ ዲስክና የራሱ የኔትዎርክ አድራሻ ያለው ኮምፒዩተር መስሎ ይሠራል። አስተናጋጁ ሰርቨር መጠገን ቢያስፈልገው ወይም ሥራ ቢበዛበት፥ በላዩ ያሉትን ማሽኖች ሳያጠፉ ወደ ሌላ ሰርቨር ማሻገር ይቻላል። የሆስፒታል መዝገብ ወይም የባንክ ሒሳብ በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ ተቀምጦ እንደ ሆነ፥ ዝውውሩ ቢሰምር ማንም ሳያውቀው ያልፋል። ባይሰምር ግን ማሽኑ በአዲሱ ሰርቨር ላይ በደኅና እየሠራ፥ ከውጭ የሚጠራው ሰው መልስ ያጣል። የሞተ ማሽን ቢሆን ተቈጣጣሪው ባወቀ ነበር፤ በሕይወት ያለና ማንም የማያገኘው ማሽን ግን ከሞተው ይልቅ ያሳስታል።

ጥናቱ ለሜሞሪ ጉዞ የመረጠው ዘዴ አስቀድሞ መቅዳት ነው። ማሽኑ ሥራውን ሳያቆም የሜሞሪው ገጾች በሙሉ በኔትዎርክ ወደ አዲሱ አስተናጋጅ ይላካሉ። ይህ ሲደረግ አንዳንዶቹ ገጾች በማሽኑ ሥራ ምክንያት ይለወጣሉ፤ የተለወጡት ብቻ በሁለተኛ ዙር እንደ ገና ይላካሉ፤ እንዲህ እየተባለ ቀሪው ጥቂት እስኪሆን ድረስ ይቀጥላል። በመጨረሻ ማሽኑ ለቅጽበት ይቆምና ቀሪው ተልኮ በአዲሱ ቦታ ይነሣል። የዐሳቡ ሥር ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ይታወቃል፤ ታይመር፥ ላንትዝና ቸሪተን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቪ በተባለው ሥርዓት ላይ አንድን ፕሮግራም ለማዛወር ተጠቅመውበታል። ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያም ቪሞሽን የተባለውን የማዛወሪያ መሣሪያውን በ2003 ዓ.ም. ለገበያ አውጥቶ ነበር። የ2005ቱ ጥናት ታላቅነት ዘዴውን መፍጠሩ ሳይሆን፥ ለማንም ክፍት በሆነ ሥርዓት ላይ ሠርቶ በመለኪያ ማሳየቱ ነው።

ልኮቹም እነዚህ ናቸው። ስድስት ተጫዋቾች ያሉበት ኩዌክ 3 የተባለ የጨዋታ ሰርቨር ሲዛወር የተቋረጠው ለ60 ሚሊሰከንድ ነው። 800 ሜጋባይት ሜሞሪ ያለው የድረ ገጽ ሰርቨር በአንዱ ሙከራ ለ165 ሚሊሰከንድ፥ ስፔክዌብ99 በተባለው ከባድ መመዘኛ ደግሞ ለ210 ሚሊሰከንድ ተቋርጧል። ደራሲዎቹ ሊመሰገኑበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ዘዴያቸው የሚሸነፍበትን ሁኔታ ራሳቸው ፈልገው አሳይተዋል። ሜሞሪን ያለ ማቋረጥ የሚጽፍ አንድ ፕሮግራም አዘጋጅተው ማሽኑን ሲያዛውሩ መቋረጡ እስከ 3.5 ሰከንድ ደረሰ። የራሱን ድካም በራሱ ጽሑፍ ውስጥ የሚያትም ተመራማሪ እምነት ይጣልበታል። ችግሩ ግን አንባቢው 60ውን ያስታውሳል፥ 3.5ቱን ይረሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ማሽኑ ወደ አዲሱ ሰርቨር ከተሻገረ በኋላ፥ ወደ እርሱ የሚላከው ፓኬት አዲሱን ስፍራ እንዴት ያውቃል? ጥናቱ የሰጠው መልስ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ማሽኑ እንደ ደረሰ ማንም ሳይጠይቀው «ይህ የአይፒ አድራሻ አሁን እዚህ ነው» የሚል የአርፕ መልስ ይበትናል። አርፕ ማለት በ1982 ዓ.ም. የተደነገገ፥ የአይፒ አድራሻን ከኔትዎርክ ካርድ አድራሻ፥ ማለት ከማክ አድራሻ ጋራ የሚያገናኝ ደንብ ነው። ሁለተኛው፥ ማሽኑ የማክ አድራሻውን ይዞ ይሄዳል፤ ስዊቹም ያ አድራሻ ከአንዱ ፖርት ወደ ሌላው መዛወሩን ራሱ ይገነዘባል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ይህ ሁለተኛው ነው። ለምሳሌ በኬቪኤም ሥርዓት ማሽኑ እንደ ተነሣ አዲሱ አስተናጋጅ በማሽኑ ማክ አድራሻ ስም ጥቂት ፓኬቶችን ስለሚበትን፥ ስዊቾቹ አዲሱን ፖርት ቶሎ ይማራሉ።

መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ትክክል የሚሆነው ሁለቱ ሰርቨሮች በአንድ የአካባቢ ኔትዎርክ፥ ማለት በአንድ ሰብኔት ውስጥ ሲሆኑ ብቻ ነው። ማስታወቂያው የሚሰማው እስከ ሰፈሩ አጥር ድረስ ነው፤ ራውተር አያሻግረውም። ለዚህም ምክንያቱ የአይፒ አድራሻ ጠባይ ነው። አንድ የአይፒ አድራሻ ሁለት አገልግሎት በአንድ ላይ ይሰጣል፤ የማሽኑ ስም ነው፥ የማሽኑም ስፍራ ነው። አንድ ሰው ከተማ ሲለውጥ ስሙን አይለውጥም፥ የፖስታ ሳጥን ቍጥሩን ግን ይለውጣል። በአይፒ ዘንድ ስሙና የፖስታ ሳጥን ቍጥሩ አንድ ናቸው። አድራሻውን ይዞ ወደ ሌላ ሰብኔት የሄደ ማሽን ደብዳቤው በቀድሞው ሳጥን ይከማችበታል፤ አድራሻውን ለውጦ የሄደ ማሽን ደግሞ የተጀመረው ግንኙነት ሁሉ ይቈረጥበታል፤ የቲሲፒ ግንኙነት የሚታወቀው በሁለቱ ወገን የአይፒ አድራሻና የፖርት ቍጥር ነውና።

ለደራሲዎቹ የሚከራከር ሰው «ይህን ራሳቸው ተናግረዋል» ሊል ይችላል። እውነት ነው። ከሰብኔት ውጭ ለሚደረግ ዝውውር ዘዴያቸው እንደማይበቃ፥ ማሽኑ አዲስ አድራሻ መቀበል ወይም በአይፒ ላይ ሌላ የማስተላለፊያ ደረጃ መኖር እንደሚያስፈልግ ወደ መጨረሻው ለወደፊት ሥራ ባስቀመጡት ክፍል ጽፈዋል። ስለዚህ ክርክራችን ስለ ሐቀኝነት አይደለም፤ ስለ ቦታ ነው። ለወደፊት የሚተው ሥራ ማለት የተገኘው ውጤት ሳይነካ በላዩ የሚጨመር ነው። አንድ ሰብኔት መሆን ግን የውጤቱ ቅድመ ሁኔታ ነው። 60ው ሚሊሰከንድ ያለ እርሱ የለም። ቅድመ ሁኔታ ደግሞ ቦታው ቁጥሩ ከተጻፈበት መስመር አጠገብ እንጂ ከመደምደሚያው ጥግ አይደለም። አንድ የሕክምና ጥናት «መድኀኒቱ ይፈውሳል» ብሎ በመግቢያው ካወጀ በኋላ፥ «ከምግብ ጋራ ካልተወሰደ አይሠራም» የሚለውን በመጨረሻው ገጽ ቢያኖረው፥ ባይዋሽም አንባቢውን አላገዘም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ሥራዎች ይህን ጕድለት እንዴት እንደ ሞሉት መመልከት ደግሞ ፍርዳችንን ያጠናክራል። በ2007 ዓ.ም. ብራድፎርድ፥ ኮትሶቪኖስ፥ ፌልድማንና ሺዮበርግ ባቀረቡት ጥናት ማሽኑ ከነዲስኩ ወደ ሩቅ ኔትዎርክ ሲዛወር አዲስ አድራሻ ይሰጠዋል። የቆዩት ግንኙነቶች ከቀድሞው ሰርቨር በተዘረጋ የኔትዎርክ ዋሻ ይሻገራሉ፤ አዲሶቹ ጠሪዎች ደግሞ በስም መዝገቡ፥ ማለት በዲኤንኤስ አዲሱን አድራሻ ያገኛሉ። መንገዱ ብልህነት አለው። ሆኖም የቆዩት ግንኙነቶች እስኪያልቁ ድረስ የቀድሞው ሰርቨር ሕያው ሆኖ መቈየት አለበት። ሊጠፋ ካለ ቤት ማሽኑን የሚያሸሽ ሰው ይህን ሊጠብቅ አይችልም።

ሁለተኛው መንገድ የበለጠ ተስፋፍቷል። በ2014 ዓ.ም. ቪኤክስላን የተባለው ደንብ ታተመ። ይህ ደንብ የአንዱን ሰፈር ፓኬት በሌላ የአይፒ ፓኬት ውስጥ ጠቅልሎ በራውተሮች ላይ ያሻግራል፤ ከዚህም የተነሣ በሁለት ሩቅ ሰብኔቶች የተቀመጡ ሰርቨሮች በአንድ ስዊች ላይ ያሉ መስለው ይታያሉ። በቀድሞው የቪላን ደንብ 4094 ሰፈሮች ብቻ ሲቻሉ፥ በዚህኛው እስከ 16 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ነገር ግን ልብ ብለን እንየው። ቪኤክስላን ስምን ከስፍራ አልለየም፤ ሰፈሩን ዘረጋው እንጂ። የ2005ቱ ጥናት ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ አልተነሣም፤ እንዲያውም ዓለሙ በሙሉ ለዚያ ቅድመ ሁኔታ እንዲገዛ ተደረገ። ዋጋውም አለ። ጥቅሉ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ 50 ባይት ይጨምራል። በሥር ያለው ኔትዎርክ የሚቀበለው እስከ 1500 ባይት ብቻ ከሆነ፥ ወይ የሥሩ ልክ ወደ 1550 ከፍ ማለት አለበት፥ ወይም የማሽኑ ልክ ወደ 1450 ዝቅ ማለት አለበት። ይህ ካልተደረገ ትንሿ የፒንግ ፓኬት ታልፋለች፥ ትልቁ የሥራ ፓኬት ግን በመንገድ ይቀራል። አዛዋሪውም «ፒንግ ይመልሳል፥ ኔትዎርኩ ደኅና ነው» እያለ ቀኑን ሙሉ ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

ሁለተኛው ነቀፌታችን ስለ እምነት ነው። ሳይጠየቅ የሚበተን የአርፕ መልስ ሐቀኛው ተዛዋሪ የሚናገርበት ቋንቋ ነው፤ አታላዩም የሰውን አድራሻ ሲሰርቅ የሚናገረው ይህንኑ ቋንቋ ነው። ጥናቱ አንዳንድ ራውተሮች በዚህ ሥጋት ምክንያት እንዲህ ያለውን መልስ እንደማይቀበሉ ጠቅሶ ያልፋል። ነገሩ ግን በመጥቀስ የሚታለፍ አልነበረም። በደኅና የተጠበቀ ኔትዎርክ ተዛዋሪውን ማሽን ይከለክላል፤ ተዛዋሪውን በቀላሉ የሚቀበል ኔትዎርክ ደግሞ አታላዩንም ይቀበላል። አንድ ማክ አድራሻ ከአንድ ፖርት እንዳይወጣ የሚያዝ የስዊች ደንብ ባለበት፥ ሁለተኛው መንገድም እንዲሁ ይዘጋል። እንግዲህ ዝውውርንና ጥበቃን አስማምቶ መሥራት ራሱን የቻለ ጥናት ነው፤ የአንድ ዐረፍተ ነገር ጕዳይ አይደለም።

ይህ ሥጋት በሐሳብ ብቻ የቀረ እንዳልሆነ በ2008 ዓ.ም. በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኦበርሃይድ፥ ኩክና ጃሃኒያን አሳይተዋል። ሜሞሪው በኔትዎርኩ ላይ ሳይመሰጠር ሲሄድ፥ በመካከል የቆመ ሰው ሊያነበው ብቻ ሳይሆን ሊለውጠውም እንደሚችል በዜንና በቪኤምዌር ላይ ሠርተው አረጋገጡ፤ በጕዞ ላይ ያለውን የመግቢያ ማረጋገጫ ፕሮግራም እስከ መለወጥ ደረሱ። የአንድ ማሽን ሜሞሪ ማለት የይለፍ ቃሉ፥ የምስጢር ቍልፉ፥ የደንበኛው ሒሳብ፥ የታማሚው መዝገብ ነው። ዲስኩን የቈለፈ ሰው ሜሞሪውን በግልጽ መንገድ ከላከ፥ በሩን ቈልፎ መስኮቱን እንደ ከፈተ ይቈጠራል።

ሦስተኛው ነጥብ ስለ መንገዱ ስፋት ነው። በድረ ገጹ ሰርቨር ሙከራ፥ ሰርቨሩ ለተጠቃሚዎቹ በሰከንድ 870 ሜጋቢት ይልክ ነበር። ዝውውሩ ሲጀመር ወደ 765፥ በኋለኞቹ ዙሮች ወደ 694 ወረደ። ይህ ማለት ተጠቃሚው አንድ አምስተኛ ያህል አጥቷል። ደራሲዎቹ መጠኑን በዘዴ ስለ ገደቡት፥ ማለት በዝግታ ጀምረው በየዙሩ ከፍ ስላደረጉት፥ ጕዳቱ የከፋ አልሆነም። ይህ የጥናቱ ብልኅ ክፍል ነው። ሆኖም ሜሞሪውና ተጠቃሚው የሚሻሙበት አንድ መንገድ መኖሩን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብሎታል።

ይህን ዛሬ ባለው ልክ እናስላው። 64 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ማሽን በሰከንድ አንድ ጊጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ መስመሩን ብቻውን ቢይዝ እንኳ፥ የመጀመሪያው ዙር ብቻ ስምንት ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጃል። ጥናቱ በጀመረበት በ100 ሜጋቢት ልክ ቢላክ ከአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በላይ ይሆናል። በ10 ጊጋቢት መስመር ግን ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። ከዚህም የሚብሰው ይህ ነው፤ የአንድ ጊጋቢት መስመር በሰከንድ የሚያሳልፈው ቢበዛ 125 ሜጋባይት፥ ማለት ባለ 4 ኪሎባይት የሆኑ 30 ሺህ ያህል ገጾችን ነው። ማሽኑ በሰከንድ ከዚህ የሚበልጡ ገጾችን የሚለውጥ ከሆነ ዙሩ ማለቂያ የለውም። በተቀደደ አቍማዳ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። ስለዚህ «ለስንት ሚሊሰከንድ ይቋረጣል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «መስመሩ ከማሽኑ ጽሕፈት ይፈጥናልን?» የሚለው ይቀድማል።

ከዚህ ሁሉ ለሥራ የሚሆን ትምህርት ይወጣል። ሳይቋረጥ ለሚደረግ ዝውውር ኔትዎርክ የሚያሰናዳ ሰው በአንድ ገመድ ውስጥ ሦስት መንገዶች እንዳሉ ማወቅ አለበት፤ የተጠቃሚው፥ የዲስኩና የሜሞሪው። ዲስኩን አንሥቶ መሄድ እንዳያስፈልግ ሁለቱም ሰርቨሮች ከአንድ የጋራ ማከማቻ እንዲያነቡ ይደረጋል፤ ጥናቱም ያደረገው ይህን ነው። የሜሞሪው መንገድ ከተጠቃሚው ቢለይ፥ ቢቻል በራሱ ካርድ፥ ባይቻል በራሱ ቪላን፥ ሽሚያው ይቀራል፤ ያልተመሰጠረውን ሜሞሪ ሊያይ የሚችለውም ሰው ቍጥሩ ይቀንሳል። መለየት ግን መመስጠርን አይተካም፤ በቲኤልኤስ መሸፈን ሁለተኛ አጥር ነው። የተጠቃሚው መንገድ በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ አንድ ዓይነት ስም፥ አንድ ዓይነት ቪላንና አንድ ዓይነት የፓኬት ልክ ሊኖረው ይገባል፤ ማሽኑ የሚደርስበት ቤት ከወጣበት ቤት ካልተመሳሰለ ተነሥቶም አይናገርም። በሁለቱ አስተናጋጆች መካከል ያለው የጥበቃ ግንብም መታየት አለበት። ለምሳሌ ሊብቨርት የተባለው የማዘዣ ሥርዓት እንደ ልማዱ ከ49152 እስከ 49215 ያሉትን ፖርቶች ለዝውውር ይጠቀማል፤ እነዚህ ተዘግተው ከሆነ ትእዛዙ ይደርሳል፥ ሜሞሪው ግን አይሄድም።

ከሁሉ በላይ የመለኪያው ሰዓት የሚቀመጥበት ስፍራ ይታሰብበት። አስተናጋጁ ሰርቨር የመቋረጡን ጊዜ የሚቈጥረው ማሽኑ ከቆመበት እስከ ተነሣበት ነው። ስዊቹ አዲሱን ፖርት እስኪማር ድረስ የሚያልፈው ጊዜ በዚያ ቍጥር ውስጥ የለም። ስለዚህ አስተናጋጁ «60 ሚሊሰከንድ» ሲል፥ ተጠቃሚው ብዙ ሰከንድ ሊጠብቅ ይችላል። ሰዓቱን በተጠቃሚው ወንበር ላይ ያላስቀመጠ ሙከራ ስለ ተጠቃሚው ሊመሰክር አይችልም።

እንግዲህ ስለ ጥናቱ ያለን ፍርድ ይህ ነው። በሜሞሪ ረገድ ዛሬም ሊነበብ የሚገባው፥ ግልጽና ሐቀኛ ሥራ ነው፤ ዛሬ የምንጠቀምባቸው መሣሪያዎች የሚሄዱበትን ዋና መንገድ በመለኪያ አሳይቷል። በኔትዎርክ ረገድ ግን የአንድ ክፍል ገመድና ስዊች እንደ ዓለም ሁሉ ተቈጥሯል። ይህ ደራሲዎቹን ከሚያስወቅሳቸው ይልቅ እኛን አንባቢዎቹን ያስወቅሰናል፤ እነርሱ ገደባቸውን ጽፈው ነበርና። ስለዚህ ይህን ጥናት ለሚያስተምሩ መምህራን ያለን አሳብ፥ የቁጥሮቹ ሠንጠረዥ ከመነበቡ በፊት ስለ አርፕ የተጻፉት ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች እንዲነበቡ ነው። ለሚያጠኑት ተማሪዎችም፥ በቤተ ሙከራ የሚሠሩት የመጀመሪያ ዝውውር በአንድ ስዊች ላይ ሆኖ ከሰመረ በኋላ፥ ሁለተኛውን በመካከል ራውተር አግብተው እንዲሞክሩት እናሳስባለን። የመጀመሪያው ሙከራ ጥናቱ እውነት መሆኑን ያሳያቸዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ እውነቱ እስከ የት እንደሚደርስ።